ከ36 ወደ 38 ሲቀየር ጀርባው ለምን ሽቅብ ይወጣል? የጡት ማስያዣ ልክ ላይ የተደረገ ክርክር

ይህን የኢንተርኔት ውይይት (ክሩን) የከፈተችው አንዲት የደብረ ብርሃን ሴት ናት። 36 ቢ (ቁጥሩ ደረትን የሚዞረው የዙሪያው፣ ፊደሉ ጡቱ የሚገባበት የካፑ ልክ ነው) ስታደርግ ጡቷ በካፑ ጠርዝ ላይ ተርፎ ይወጣል፣ ማንገቻውም ከትከሻዋ ይንሸራተታል። ሻጩ ጠቦሽ ነው ብሎ 38 ቢ ሰጣት። ካፑ በደንብ ያዘላት፤ አሁን ደግሞ የጀርባው ላስቲክ እየሳበ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማንገቻውን ስታሳጥረው ትከሻዋን ይቆርጣታል። በሜትር ስትለካ ከጡት ሥር 74፣ በጡት ጫፍ ላይ 92 ሴ.ሜ. ሆኗል። የጠየቀችው ጥፋቱ የዕቃው ይሁን የቁጥሩ ነው።

1ኛዋ መላሽ እህቴ ብላ በትሕትና ጀምራ፣ የገበያው ዕቃ ሁሉ አንድ ስለሆነ ብር ጨምራ ከአዲስ አበባ ብታስመጣ ይሻላል አለች። ምክሩ የደግ ሰው ነው፤ ግን 36 ቢ ውድም ሆነ ርካሽ ያው 36 ቢ ነው።

2ኛዋ አስቀድማ የጠየቀችው እንዴት እንደተለካች ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት፤ ብዙ ሴት ሹራቧን ሳታወልቅ ትለካለች። አንድ ሹራብ ልኬቱን ሁለትና ሦስት ሴ.ሜ. ካሳደገው ቁጥር ለማሳሳት ይበቃል። ስለዚህ የሥሩ ልኬት በባዶ ቆዳ ላይ፣ ጡት ከደረት ጋር ከሚገናኝበት እጥፋት ሥር፣ ሜትሩ በጀርባ በኩል ከፍም ዝቅም ሳይል፣ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ጠበቅ ተደርጎ ይነበባል። የላይኛው ግን ላላ ተደርጎ፣ ሥጋውን ሳይጫን፣ ሁለት ጊዜ ይለካል፤ አንዴ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ አንዴ ከወገብ ጎንበስ ብሎ። የሁለቱ አማካይ ይያዛል። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ጡት ስለሚያብጥ ያን ሰሞን መለካት አይበጅም ብላ አከለች። ጠያቂዋ በ3ኛው ላይ ተመልሳ የተለካችው በቆዳዋ ላይ መሆኑን፣ ጎንበስ ስትል 94 እንደመጣ ነገረቻቸው። አማካዩ 93 ሆነ ማለት ነው።

4ኛዋ ሒሳቡን በኢንች ሠራችው። 74 ሴ.ሜ. 29 ኢንች ገደማ ነው፤ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ 5 ሲጨመርበት 34 ይሆናል። የላይኛው 36 ተኩል ግድም ስለሆነ ልዩነቱ ሁለት ተኩል ነው፤ እያንዳንዱ ኢንች አንድ ፊደል ነውና 34 ቢ ወይም ቢበዛ ሲ ግዢ አለቻት። ይህ መደመር በብዙ የልብስ መሸጫ እስካሁን የሚሠራበት ነው፤ ክሩም ከዚህ በኋላ ነው የሞቀው።

5ኛው መልስ ረጅሙና ከሁሉም የበሰለው ነው። 4 ወይም 5 ኢንች መደመር የመጣው ዙሪያው በማይለጠጥ ጨርቅ ይሠራ በነበረበት ዘመን መሆኑን ጸሐፊዋ አስረዳች። ከኤ እስከ ዲ ያሉት ፊደላት አሜሪካ ውስጥ የተለመዱት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው፤ ዛሬ ጡት ማስያዣን እንደልብ የሚያለጥጠው ኢላስቴን የሚባለው ክር ግን የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ጨርቁ ከተለወጠ በኋላ ሒሳቡ ሳይለወጥ ቀረ። በአውሮፓው አለካክ ከሥር ከ73 እስከ 77 ሴ.ሜ. የሆነች ሴት 75 ናት፤ ይህም በኢንች መለያው 34 ነው። ፊደሉ የሚወጣው ከሁለቱ ልኬቶች ልዩነት ነው። ከ12 እስከ 14 ሴ.ሜ. ኤ፣ እስከ 16 ቢ፣ እስከ 18 ሲ፣ እስከ 20 ዲ፣ እስከ 22 ኢ። የጠያቂዋ ልዩነት 19 ስለሆነ ልኳ 34 ዲ ነው። ቆማ ብቻ ብትለካ ኖሮ ልዩነቱ 18፣ ማለትም የሲና የዲ ድንበር ላይ ይወድቅ ነበር፤ መጎንበሱ የጠቀመው ለዚህ ነው።

ይህችው ሴት ቀጥላ የሻጩን ነገር ፈታችው። ፊደል ብቻውን መጠን አይደለም፤ ዙሪያው በአንድ ቁጥር ሲሰፋ ያው ፊደል የሚይዘውም ይጨምራል። በዚህ የተነሣ 34 ዲ፣ 36 ሲ እና 38 ቢ ካፓቸው የሚይዘው እኩል ነው። 36 ቢ የሚይዘው 34 ሲ የሚይዘውን ያህል፣ ለጠያቂዋ ከሚያስፈልጋት በአንድ ደረጃ ያነሰ ነው፤ ጡቷ የተረፈው ለዚህ ነው። 38 ቢ ደግሞ በካፕ ልኳ ሆኖ፣ ዙሪያው ከ83 እስከ 87 ሴ.ሜ. ለሆነች ሴት የተሠራ ነው። ሻጩ ፊት ለፊቱን አስተካክሎ ጀርባውን አበላሸባት። ጡትን የሚሸከመው በዋናነት ዙሪያው እንጂ ማንገቻው አይደለም። ዙሪያው ሲላላ የጡቱ ክብደት ፊቱን ወደ ታች ይጎትታል፣ ጀርባው ሽቅብ ይወጣል፤ ሴትየዋ ማንገቻ ስታሳጥር ደግሞ ማንገቻው ጀርባውን ይብስ ይስበዋል። ትከሻዋ የተቆረጠው በዚህ ነው።

6ኛዋ አመስግና፣ አንዱ መለያ ላይ 34፣ ሌላው ላይ 75፣ ሌላው ላይ 90 የሚል ለምን እንዳለ ጠየቀች። 7ኛዋ በአጭሩ መለሰችላት። 32 ማለት 70፣ 34 ማለት 75፣ 36 ማለት 80፣ 38 ማለት 85 ነው፤ የቻይና ዕቃ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጽፋል። የፈረንሳይና የስፔን መለያ ግን በአውሮፓው ላይ 15 ይጨምራል፤ የፈረንሳይ 90 የሌላው 75 ነው። አገሩን ሳያዩ 90 የሚለውን 40 ነው ብሎ የገዛ ሰው ሦስት ቁጥር ይስታል። ፊደሉም ከዲ በላይ ይለያያል፤ እንግሊዞች ከዲ ቀጥሎ ዲዲ ብለው ከዚያ ኢ ይላሉ፣ የአውሮፓው ግን በቀጥታ ኢ ይላል።

8ኛዋ ግን ትዕግሥቷ አልቆ ነው የገባችው። ሠንጠረዥ መደርደር ለማንም አይከብድም፤ በደብረ ብርሃኑ ጠባሴም ሆነ በሸዋ ሮቢት መደብ ላይ የሚዘረጋው ዕቃ አብዛኛው ቁጥር ብቻ አለው፣ ፊደል የለውም፤ 34 ካለም ካፑ ትንሽ ነው፣ 34 ዲ ደግሞ ስሙም አይታወቅም። ጓዳ ገብቶ መሞከሪያ በሌለበት ገበያ ይህ ሁሉ ሒሳብ ምን ይረባል ስትል ሸነቆጠቻቸው። አነጋገሯ ሻካራ ነው፣ ነገሩ ግን እውነት ነው፤ ከዚህ በኋላ መልሶቹ ወደ መሬት ወረዱ።

9ኛዋ ያለ መሞከሪያ እንዴት እንደሚመረጥ ዘረዘረች። ገበያ ሲወጣ ሜትር በቦርሳ ይያዛል። መንጠቆው ተቆልፎ ዙሪያው በሁለት እጅ በደንብ እስኪከብድ ይሳባል፤ ከሥር 74 ለሆነች ሴት ከ76 እስከ 80 ላይ እንቢ ማለት አለበት። 90 ድረስ ያለ ችግር የሚሄድ ከሆነ መለያው ላይ 34 ቢጻፍበትም አይሆናትም። ሲለቀቅ ተመልሶ የማይሰበሰብም ይቅር። ለካፑ ደግሞ በስስ ልብስ ላይ መልበስ ያግዛል፣ ነገር ግን አዲስ ዕቃ የሚቆለፈው ከሦስቱ ረድፍ በውጨኛው፣ በላላው ላይ ነው። ላስቲክ በወራት ውስጥ ስለሚረግብ የውስጠኞቹ ረድፎች ለዚያ ቀን የተቀመጡ ናቸው። ዛሬ በመጨረሻው ረድፍ ብቻ የሚጠብቅ ከወር በኋላ የሚሄድበት የለውም።

ከለበሱ በኋላም ጎንበስ ተብሎ፣ በተቃራኒው እጅ ከብብት ሥር ያለው ሥጋ ወደ ካፑ ተጠርጎ ይገባል። ካፑ በቃኝ የምትል ሴት ብዙዋ ይህን ስታደርግ ነው ጠባብ መሆኑን የምታየው። ቀጥሎ ምልክቶቹ ይታያሉ። በሁለቱ ካፕ መሃል ያለው መገናኛ ከደረት አጥንት ጋር ይለጠፋል፤ ከቆዳው ተነሥቶ ከቆመ ካፑ አንሷል። ሽቦው በእጥፋቱ ሥር ያርፋል፣ የብብት በኩል ጫፉም ከጡቱ ኋላ ጎድን ላይ እንጂ ሥጋው ላይ አይቀመጥም። ካፑ ከላይ ሲከፈት ሁልጊዜ ትልቅ ነው ማለት አይደለም። ልጅ ከማጥባት በኋላ ላይኛው ክፍሉ የሳሳ ጡት፣ በተለይ ቅርጹ የማይለወጥ ስፖንጅ ያለው ካፕ ውስጥ፣ ልክ ሆኖም ክፍት ይተዋል፤ ለእንዲህ ያለው ስፖንጅ የሌለው፣ መሃሉ ላይ ስፌት ያለው ካፕ ይሻላል። አንዱ ጡት ከሌላው ከበለጠ የሚገዛው ለትልቁ ነው፤ ትንሹን ተነቃይ ስፖንጅ ይሞላዋል።

10ኛው መልስ የልብስ ሰፊ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም እትዬ እያሉ የጠሯቸው እኚህን ሴት ነው። 34 ዲ ከሌለ 36 ሲ ተገዝቶ ዙሪያው ይጠባል አሉ። 38 ቢ ግን አይነካም፤ ከ38 ወደ 34 ለማውረድ 10 ሴ.ሜ. መቁረጥ ስለሚያስፈልግ መቀሱ የማንገቻው ግርጌ ላይ ይደርሳል። ከ36 የሚቀነሰው 5 ሴ.ሜ. ነው፤ ከየጎኑ ሁለት ተኩል። የመንጠቆውም የቀለበቱም ጨርቅ ስፌቱ ይፈታል፣ ጎኑ ይቆረጣል፣ ጫፉ ከመንጠቆው ጨርቅ ቁመት ጋር እስኪገጥም በቀስታ ይከረከማል፣ ከዚያ ተመልሶ ይሰፋል። ከአንድ ጎን ብቻ የቆረጠ ሰው ማንገቻውን ያጣምመዋል፤ አንዱ ወደ አከርካሪ ይጠጋል፣ ሌላው ብብት ሥር ይቀራል። ሁለቱም ጎን ሲቆረጥ ግን ማንገቻዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚቀራረቡ ከትከሻ መንሸራተቱም ይቀንሳል። ይህን የመጨረሻውን ማንም በክሩ አላነሣውም ነበር።

11ኛዋ የመንገድ ዳር ሲንጀር ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ስለሚሰፋ ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል፣ ዚግዛግ ከሌለ ሙከራው ዕቃ ማበላሸት ነው ብላ ተቃወመች። እትዬ በ12ኛው ላይ ረጋ ብለው መለሱላት። የላስቲኩ ርዝመት ላይ ከሆነ እውነቷን ነው፤ የመንጠቆው ጨርቅ ግን የማይለጠጥ ስለሆነ እዚያ ላይ ቀጥ ያለ ስፌት ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ይበቃል። የላስቲኩ ጫፍ ብቻ በእጅ መርፌ አምስት ስድስት ጊዜ ተደጋግሞ ይጠበቅ። በዚያው ላይ ጨርቁን ቀዶ ስለሚወጣ ሽቦም ጨመሩ። ሽቦ ከብብት በኩል ቀዶ የሚወጣው ካፑ ሲያንስ ወይም ዙሪያው ላልቶ ሽቦው ሲንቀሳቀስ ነው። ወደ ውስጥ ተገፍቶ ቀዳዳው ላይ ወፍራም ጨርቅ ተደርቦ ይሰፋል፤ ልኩ ካልተስተካከለ ግን በሌላው ጎን ይወጣል።

ከ13 እስከ 15 ያለው ጠብ ነው። 13ኛዋ ከቦንዳ የሚወጣ ልባሽ ፊደል የተጻፈበት፣ ስፌቱም ጠንካራ ስለሆነ ከአዲሱ ይበልጣል አለች። 14ኛዋ የሰው ላብ የጠጣ ጨርቅ በጡት ላይ ማሰር ነውር ነው ብላ ተቆጣች፤ ከዚያም አልፋ ድህነትን እንደ ጥበብ ማውራት ምን ይሉታል ብላ ነካካቻት። 15ኛዋ ገላጋይ ሆነች። ችግሩ ላቡ ብቻ አይደለም፤ በሳሙናና በፀሐይ የሚገባው ንጽሕና ራሱ ላስቲኩን ያደክመዋል። የልባሽ ዙሪያ ሲሳብ ጠርዙ ላይ ቀጫጭን ነጭ የጎማ ክሮች ብቅ ካሉ ላስቲኩ ውስጡ ተበጣጥሷል፤ ፊደሉ ምንም ቢል 34 የነበረው ዛሬ 36 ሆኗል። እኔም በዚህ ከ15ኛዋ ጋር ነኝ፤ የ14ኛዋ አነጋገር ግን ለክርክሩም አልረዳ።

16ኛው ወንድ ነው። ለባለቤቱ ስጦታ መግዛት ፈልጎ ልኳን ሳይጠይቅ እንዴት እንደሚያውቅ ጠየቀ። 17ኛዋ የመንዝ ባና ግዛላት፣ እሱ ልክ አይጠይቅም አለችው፤ አራት ሰው ሳቀ። 18ኛዋ ግን ወንድሜ ብላ ቁም ነገር ነገረችው። አሁን የምትለብሰውን መለያ ብቻ አይቶ ያንኑ ቢገዛ ስሕተቱን ይደግመዋል። የትኛው ረድፍ መንጠቆ ላይ የመቆለፍ ምልክት እንዳለ ይይ፤ አዲስ ሆኖ ሳለ የውስጠኛው ከሆነ ዙሪያው ሰፍቷታል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ገንዘቡን ሰጥቶ አብሮ መሄድ ነው።

19ኛዋ ከሸዋ ሮቢት ስትጽፍ ነገሩ ሁሉ የደጋ ወሬ ሆነብኝ አለች። እዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙቀቱ ስፖንጅ አያስለብስም፣ ጡት ሥር ይቀላል፣ ያሳክካል። የጤና ባለሙያ የሆነች 20ኛዋ መለሰች። ላብ በእጥፋቱ ውስጥ ሲታሽ ቆዳው ይላጣል፣ ፈንገስም ይገባበታል። ስስ የጥጥ ጡት ማስያዣ፣ በየቀኑ መቀየር፣ ከታጠቡ በኋላ እጥፋቱን በደንብ ማድረቅ፣ ሲያስፈልግም የታጠፈ ስስ ጥጥ ጨርቅ ከሥሩ ማኖር ይረዳል። ከሸተተ ወይም ከቆሰለ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። እግረ መንገዷንም ስለ ነፍሰ ጡሮች ነገረቻቸው። በመጨረሻዎቹ ወራት የጎድን አጥንት ስለሚሰፋ ዙሪያው ይጠብባል፤ ያን ጊዜ አዲስ ከመግዛት የመንጠቆ ማስረዘሚያ ይበቃል። የማጥቢያው ጡት ማስያዣ ከመውለድ ጥቂት ሳምንት በፊት ይገዛል፣ ሽቦ አይኑረው፣ በአንድ እጅ የሚከፈት ይሁን፣ ካፑም ትርፍ ቦታ ይኑረው፤ ከወሊድ በኋላ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ወተቱ ሲሞላ ጡቱ ይተልቃልና። ሽቦ ወይም ጠባብ ካፕ የወተቱን መተላለፊያ ሲጫን ጡቱ ይቋጥራል።

ሽቦ የሚለው ቃል ሲነሣ 21ኛው የጡት ካንሰር ያመጣል የሚለውን የቆየ ወሬ ይዞ ብቅ አለ። 20ኛዋ በ22ኛው ላይ እንደ ቅድሙ አልለዘበችም። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ሲያትል በሚገኘው የፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ምርምር ማዕከል ዕድሜያቸው የወር አበባ ካቆመበት ያለፉ ሴቶች ላይ በተሠራ ጥናት፣ በቀን ስንት ሰዓት መልበስም ሆነ ሽቦ መኖሩ ከካንሰር ጋር ግንኙነት አልተገኘበትም። ሴት የሚያስፈራት እብጠት፣ የቆዳ መጨማደድ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም ሊሆን ሲገባው በወሬ ሽቦ ታስፈራራለህ ብላ ገሰጸችው። አልተመለሰም።

ስለ አጠባበቅ 23ኛዋ ጥቂት ብላ አለፈች። በለብታ ውሃና በትንሽ ሳሙና ወይም ላርጎ በእጅ ይታሸት፣ በረኪና አይንካው፣ አይጠመዘዝ፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቅ። በማንገቻው ከተሰቀለ የረጠበው ክብደት ማንገቻውን ይስበዋል፣ ስለዚህ መሃሉ ገመድ ላይ ይውደቅ፣ ያውም በጥላ። በክረምት ደብረ ብርሃን ላይ ልብስ አልደርቅ ሲል ከሰል ምድጃ አጠገብ የሚያደርቁ አሉ፤ ላስቲክን በአንድ ሌሊት የሚገድለው ይሄ ነው። አንዱን ዛሬ ለብሶ ነገም ያንኑ ከመድገም ሁለት ሦስቱን ማፈራረቅም ላስቲኩን ያሳርፈዋል።

24ኛዋ ነገሩን ወደ ሐበሻ ቀሚስ ወሰደችው፤ አንገቱ ሰፊ የሆነ ቀሚስ ማንገቻ ያሳያል፣ ምን ይደረግ አለች። ማንገቻዎቹን ከጀርባ በማያያዣ ማቀራረብ ነው የሚል መልስ አገኘች፤ ሌላዋ ደግሞ ቀሚሱ ራሱ ላይ ስፖንጅ ይሰፋ አለች። እትዬ በዚህ አልተስማሙም፤ ቀሚስ ከሥር የሚይዝ ዙሪያ ስለሌለው ስፖንጁ ቅርጽ ይሰጣል እንጂ ጡት አይሸከምም።

በ27ኛው ላይ ጠያቂዋ 36 ሲ ማግኘቷን፣ በውጨኛው ረድፍ ሲቆለፍ ጀርባው አሁንም እንደሚላላ ጽፋ መቼ ልቁረጥ ብላ ጠየቀች። እትዬ መጀመሪያ አንዴ ይታጠብ አሉ፤ አዲስ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ትንሽ ሊሰበሰብ ይችላል። ከዚያ ለብሳ፣ በውጨኛው ረድፍ ቆልፋ፣ ከጀርባ ትርፉን ሌላ ሰው በጣት ቆንጥጦ ይያዝላት፤ እጥፉ ተዘርግቶ ይለካ፣ ለሁለት ይካፈል። መቀስ ከመግባቱ በፊት እጥፉ በመርፌ ተላልፎ ግማሽ ቀን ተለብሶ ይሞከር። ሁለት ጣት ከሥሩ የሚገባ ከሆነ ይቆረጥ፤ አንድ ብቻ ከገባ ከየጎኑ ግማሽ ሴ.ሜ. ይመለስ። 28ኛዋ ማስረዘሚያ መንጠቆ በከተማው እንዳጣች ስትጽፍም ያረጀ ጡት ማስያዣ ከመጣሉ በፊት የመንጠቆውና የቀለበቱ ጨርቅ ተቆርጦ እርስ በርሱ ቢሰፋ ማስረዘሚያ እንደሚሆን ነገሯት፤ ዋናው የመንጠቆው ብዛትና በመንጠቆዎቹ መካከል ያለው ርቀት፣ ብዙውን ጊዜ 19 ሚሊ ሜትር፣ ከምትለብሰው ጋር መግጠሙ ነው።